ተመስገንን ያመነ ማሽን

ጀርመንን ደህና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው። ከጉልበቱ ይጀምርና በሐሞቱ በኩል አልፎ እስከ እንቅልፉ ይተርክላችኋል። የኛ ሰው ደግሞ ነፍሱ ጉሮሮው ላይ ደርሳ እንኳ "ተመስገን" ይላል። ሐኪም ምን አመመህ ቢለው "ምንም አይል፣ ትንሽ ነው" ብሎ፣ ትንሿ ምን እንደሆነች ሐኪሙ ራሱ እንዲደርስባት ይተዋታል። ከሁለቱ ጨዋው ማነው? እኔ የኛን እላለሁ። ጨዋነት ግን ደግ የሚሆነው የሚገባው ሰው ሲገኝ ነው።

ለተብርሃን፣ ለተ የምላት፣ ጓደኛዬ ናት። አስመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የተዳርኩ ሴት ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የምለው ሁሉ ከመጽሐፍ የተገለበጠ እንዳይመስላችሁ ነው። ለተ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በየጠዋቱ አንዲት የፍሌገ፣ ቤት ለቤት እየዞረች የምታስታምም ሴት ትመጣላታለች። ክሮኤሺያዊት ናት፣ ክንዷ የእንጨት ፈላጭ ክንድ። ከአልጋ ታነሳታለች፣ ታጥባታለች፣ ታለብሳታለች። እሷ ካልመጣች ለተ ከአልጋ አትወርድም። ልጅ የላትም ወይ ትሉ ይሆናል። አላት፤ ሌላ ከተማ ነው። ይደውልና "ማማ፣ አልስ ጉት?" ይላታል፣ ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። "ጉት" ትለዋለች። እሱም ደስ ብሎት ይዘጋል።

አንድ ቀን እቤቷ ተቀምጬ ሳለ ስልክ ተደወለ። የደወለው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። እርዳታውን የሚመድበው መሥሪያ ቤት አዲስ ያስገባው፣ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር። እግዜር የሠራውን ተጠቅመን ጨርሰን ይሆን? ለነገሩ አማርኛው ዜና አንባቢ ያስንቃል። ከአልጋዎ በራስዎ ይነሳሉ ወይ አላት። ለተ "ተመስገን" አለች። ብቻዎን ይታጠባሉ? ምን ይሳነኛል ልጄ አለችው። ልብስዎንስ? እሱ ይመስገን። እኔ ማዶ ሆኜ ዓይኔን ባፈጥ፣ እጄን ባወናጭፍ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችብኝ። በመጨረሻም እደግ ተመንደግ፣ ልጅ ውለድ ብላ መርቃው ዘጋች። ማሽን መረቀች እንግዲህ። ምን ነካሽ ብላት፣ ድምፁ የወንድ ነው፣ ለማላውቀው ወንድ ስለ ገላዬ ላወራ ነው ወይ አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን እኔም ብሆን አላወራለትም።

ወሩ ሲጋመስ ክሮኤሺያዊቷ በሩን ይዛ ቆማ ነገረችን። ከመጪው ወር ጀምሮ እንዳትመጣ ታዝዛለች። ማሽኑ ለተን ብርቱ ናት ብሏል።

አቤት እንበል ብንል፣ አቤቱታው እስኪታይ ለተ አልጋ ላይ ልትከርም ነው። ያኔ ግርማ ደረሰልን። ድሮ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። የከተማው ምክር ቤት የዚህን ማሽን ጥቅምና ጉዳት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሟል፣ ሮደልሃይም ውስጥ አንሄሩንግ አለ፣ ሕዝብ የሚደመጥበት ማለት ነው፣ የመሥሪያ ቤቱም አለቆች ይገኛሉ፣ እዚያ ከተናገሩ ማንም ሊያልፈው አይችልም አለን። ሳምንት ሙሉ አስጠናት። አልቻልኩም በሏቸው፣ እትዬ፣ በቃ አልቻልኩም ነው የሚባለው ይላታል። ለተም ትላለች። እቤቷ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ክራባት በክራባት ነው። ማሽኑን የሠራው ድርጅት ሰውዬ ቀድሞ ተናገረ። አይደክመውም፣ አያዳላም፣ ጉቦ አይበላም አለ። አያፍርምም፤ ችግሩ እሱ ላይ ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ ፀጉሯ የሸበተ ደግ ሴት፣ ለተን በስሟ ጠርታ እንደምን ነዎት አለቻት። ግርማ ተረጎመ።

ለተ ነጠላዋን አስተካከለች። ግራ ቀኙን አየች። ከሰብሳቢዋ በቀር ወንድ ነው ሁሉም።

"ደህና ነኝ፣ ተመስገን" አለች።

በራስዎ ማድረግ ያልቻሉት ነገር ይኖር ይሆን አለቻት ሰብሳቢዋ።

"የለም።"

ግርማ ላቡ በጆሮው ግንድ ወረደ። ግን ተርጓሚ ነውና ያልተባለ ሊጨምር አይችልም፤ እንዳለችው ተረጎመ። የድርጅቱ ሰውዬ ብዕሩን ከድኖ ኪሱ ከተተ። ሰብሳቢዋ አመስግና ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞረች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የጓደኛዬን ገመና ሸንጎ ላይ ባወጣው ዳግመኛ ፊቷን አላይም። ዝም ብል ደግሞ ወሩ ሲጠባ ማን ያነሳታል? እኔ እንደሆንኩ ለአንድ ቀን እንጂ በየጠዋቱ ላነሳት አቅም የለኝም። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

"እኔን ጠይቁኝ" አልኩ። "እኔ ገላዬን ብቻዬን መታጠብ አልችልም። ካልሲ እንኳ ሰው ነው የሚያጠልቅልኝ። አንድ እሁድ ገንዳ ውስጥ ገብቼ መውጣት አቅቶኝ፣ ጎረቤት እስኪደርስልኝ ውሃው በላዬ ቀዝቅዟል። ማሽናችሁ ሲጠይቀኝ ግን ደህና ነኝ አልኩት።"

ይህ ሁሉ የደረሰው በለተ ነው። ከገንዳው ያወጣኋት ጎረቤትም እኔው ነኝ። እኔ ስሟን በስሜ ብቻ ለወጥኩ። እንዲህ ያለ ቃል ስለ ራሴ ስናገር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ጉንጬ እሳት ሆኗል። ግርማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው። ክራባቱ ሁሉ በሐዘኔታ ያየኛል። እኔን፣ በሐዘኔታ።

ያኔ ለተ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ሳበች።

"ዋይ፣ ውሸቷን ነው። እሷማ ደረጃ እንደ ፍየል ነው የምትወጣው። ገንዳ ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። ስለ አልጋው፣ ስለ ካልሲው፣ ስለ ክሮኤሺያዊቷ ክንድ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ እጇን ያዝኩት። ምናምንቴ ውሸታም ብላ በጆሮዬ ሰደበችኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ክሮኤሺያዊቷ ወደ ለተ መምጣቷን ቀጠለች። ኮሚቴውም ነገሩን አክብዶ ያዘው፤ ማሽኑ የሽማግሌዎችን ባህል ይማር ተብሎ ተማረ። መማሩን ያወቅሁት እኔ ዘንድ ሲደውል ነው፤ የሸንጎው ቃሌ ለካ ተመዝግቦልኛል። ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ብቻዬን እነሳለሁ፣ ብቻዬን እታጠባለሁ፣ የዚያን ቀኑ ስለ ጓደኛዬ ብዬ ነው፣ ምንም አልጎደለብኝም አልኩት። እንዲህ ያለ እውነት ለመንግሥት ተናግሬ አላውቅም። ማሽኑ በትሕትና አዳመጠኝና፣ እንዲህ የሚሉት ከጨዋነትዎ የተነሳ መሆኑን እንረዳለን አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ክሮኤሺያዊቷ ከለተ ቤት ወርዳ በሬን አንኳኳች። እጅጌዋን እንደሰበሰበች ነው።