ቤተሰብ የሚዋሰው ጄኔራል

በየሰፈሩ አንድ ፍቅር የያዘው ሰው አይጠፋም። ርግብ የሚያረባ አለ፣ ቴምብር የሚሰበስብ አለ፣ የድሮ የኳስ ውጤት የሚሸመድድ አለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ያርባ፣ ይሰብስብ፤ ማንም አልከለከለውም። እኔን የሚያበግነኝ ብቻውን መውደድ የማይችለው ነው። እሱ ሲወድ ጎረቤቱ በሙሉ ይሰለፋል። በጅቡቲ ከተማ ይህ ሰው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር መጋረጃ ይሸጣል፤ ስሙም ክቡር ጄኔራል አልአዛር ነው።

ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጄኔራላችን ጦር ግቢን የሚያውቀው በአጥር ቀዳዳ ነው። ፍቅሩ ጡረታ የወጡ የጦር አውሮፕላኖችን ፎቶ ማንሳት ነው። የሚበር አውሮፕላን ከላዩ እያጓራ ቢያልፍ ቀና ብሎ አያይም። ሸራ ለብሳ አጥር ስር የተጣለች፣ ጎማዋ የተነፈሰ፣ ወፍ ሞተሯ ውስጥ ጎጆ የሠራባት ካገኘ ግን ልቡ ይቀልጣል። አፍንጫዋ ቀይ የተቀባ ከሆነማ አለቀልን። "ይቺ የሙከራ ነበረች" ይላል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሷ ላይ ሞክረው ነው ሌሎቹን የሠሩት። ማን አመሰገናት?" እኔ ምን አውቄ። ዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር የማስለቅቅ ትራንዚተር ነኝ።

የስንት አገር ጦር በሰፈረበት ከተማ፣ ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ ብቸኛ ወንድ ጦር ግቢ አጠገብ ሲቆም ምን እንደሚከተል የታወቀ ነው። አልአዛር ተይዞ፣ ተመክሮ፣ እንደገና ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ መላ ዘየደ። ከአንዱ ጦር ግቢ በር አጠገብ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመች አሮጌ ጄት ነበረች። ዘበኛው ኢስማኤል አርብ አርብ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ለሚመጡ ቤተሰቦች ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ጄኔራሉ ደግሞ ላጤ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ይዋሳል።

የሚዋሰው የእኔን ነው። አርብ ሲሆን በሬ ይንኳኳል። "ጋሼ ደጀን፣ ቤተሰቡን ላንሳላችሁ ብዬ ነው።" እኔ ክራቫት አስሬ፣ ባለቤቴ ፋናዬ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልጃችን ፅዮናዊት በአዲስ ጫማ፣ ናላ በሚያዞር ፀሐይ እንቆማለን። እሱ ሌንሱን እያዞረ "ትንሽ ወደ ግራ" ይላል። እንሄዳለን። "ትንሽ ወደ ግራ።" አሁንም እንሄዳለን። ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ጄቷ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጥርት ብላለች፣ ጥግ ላይ የእኔ አንድ ጆሮ አለች። ፋናዬ ጭራሽ የለችም። ስንቆጣው መልሱ አንድ ነው። "ጋሼ፣ ጭራዋ የተቆረጠ አውሮፕላን እኮ ፎቶ አይባልም።" ልጄ ከሕፃንነቷ እስከ ኮረዳነቷ ያደገችው ከዚያ ፎቶ ጠርዝ ውጭ ነው።

ዘንድሮ ፅዮናዊት ነርስነት ልትማር ወደ ፈረንሳይ መሄጃዋ ደረሰ። ፋናዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሦስታችን አንድ ላይ ያለንበት ፎቶ ይኑረኝ። ሌላ አልፈልግም።" ስቱዲዮ እንሂድ አልኩ። ያበላሸችው ልጄ ናት። "ጋሼ አልአዛር ያንሳን አባዬ፣ ያደግኩት እኮ እዚያች ጄት ስር ነው" አለች። እሺ አልኩ፣ ሞኝ ነኝ።

በሩ ጋ ስንደርስ ኢስማኤል እንደ ወትሮው አልሳቀም። "ዋርያ አልአዛር" ብሎ በሶማልኛ ጠራውና በሰባራ አማርኛው ቀጠለ፣ "ይቺን ያወርዷታል። ቆራርጠው ለብረት ይሸጣሉ። አለቆች አሁን ይመጣሉ፤ አንድ ፎቶ ብቻ፣ ከዚያ ሂዱ።"

የአልአዛር ፊት ጠቆረ። ጄቷን አየ፣ እኛን አየ፣ ደግሞ ጄቷን አየ። ካሜራውን ሲያነሳ ሌንሱ ከጭንቅላታችን በላይ ነበር። ደሜ ፈላ።

"ዛሬ እንኳን አልአዛር? ልጄ ልትሄድብኝ ነው፣ አንተ ለቆርቆሮ ታለቅሳለህ?"

ወደ ግራ ሂዱም አላለን። አንዴ ቀጭ አደረገና ካሜራውን ከቦርሳው ከቶ፣ ሳይሰናበተን ሄደ። መንገዱን በሙሉ ስሰድበው ገባሁ። ልጄን ሸኝተን ስንመለስም ሰደብኩት፤ ቤት ባዶ ሲሆን መሳደብ ይረዳል። ፋናዬ ግን የልጇን ልብሶች ማጣጠፍ ያዘች። እንደ እኔ አለመሳደቧ የባሰ አናደደኝ።

ጄቷ ከምሰሶዋ ወርዳ ከተወሰደች በኋላ በሬ ተንኳኳ። አልአዛር ነው፣ ፖስታ ይዟል። "ይቅርታ ጋሼ፣ ፎቶዋ ተበላሽታለች" አለኝ መሬት መሬት እያየ። "የጄቷ ጭራም የለ፣ አፍንጫዋም የለ።"

ከፈትኩት። ፅዮናዊት መሀል ላይ ናት። ፋናዬ የልጇን ኮሌታ እያቃናች ነው። እኔ አፌን ከፍቼ እቆጣለሁ፣ ሁለቱም ጆሮዎቼ አሉ። ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ግራጫ የክንፍ ቁራጭ ትታያለች። ሌንሱ ወደ እኛ ሲወርድ አላየሁም፤ ስድብ ላይ ነበርኩ።

ፋናዬ ፎቶውን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ አላመሰገንኩትም። እስካሁንም ተናድጄበታለሁ፤ ስትቆጣው የኖርከው ሰው ድንገት እንዲህ አድርጎ አፍህን ሲዘጋው ያናድዳል።

ሌላ ጦር ግቢ በር ላይ ጡረታ የወጣች ሄሊኮፕተር አቁመዋል ሲሉ ሰማሁ። አርብ ክራቫቴን አስሬ፣ ፋናዬን ታክሲ ውስጥ አስቀምጬ፣ የመጋረጃ ሱቁን በር ደበደብኩ። "ውጣ፣ ቤተሰብ መጥቶልሃል" አልኩት። ደርሰን ካሜራውን ሲያነሳ፣ አፉን ሳይከፍት በፊት፣ የፋናዬን እጅ ይዤ ትንሽ ወደ ግራ ሄድኩ።