ልብስ ሰፊው ጌታችን እምቢ ያለችውን መኪና ያስነሡበት ዜና

የግቢው በር አረንጓዴ በተቀባ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ መነጽር፣ ይኸውም ልብስ ሰፊው ጌታችን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ባቃታቸው ዘመን፣ በዕለተ እሑድ እንዲህ ሆነ።

መርፌ አዛዡ፣ የሱሪ ሁሉ አሳጣሪ የሆኑት ጌታችን ከጋብቻቸው በፊት የገዟት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው፤ ባለቤታቸውም «ጣውንቴ» ይሏት ነበር። በዚያች ጧትም እኒሁ ባለቤታቸው ከደጅ ቆመው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦ «በዚህ ግቢ ያላችሁ ሁሉ ስሙ! እሑድ በመጣ ቁጥር የማየው ከመኪና ሥር የወጣ እግር ነው፤ የባሌን ፊት ረሳሁት! ብረት ገዢው ለቀትር ተጠርቷል። እስከዚያ ካልተነሣች ይዟት ይሄዳል። እኔም እኮ ሰው ነኝ!»

ጌታችንም ይህን ሰምተው አልደነገጡም፤ ላብ ያጠመቃቸው ስለ ፀሐዩ ነው ተብሎ ተጽፏል።

ወእምዝ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወጡ፤ በቀኝ ቁልፍ አዟሪዋ አማታቸው፣ በግራ መካኒኩ አማቻቸው፣ እርሱም ዐምና «አትንካብኝ» ስለተባለ አኩርፎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ፣ ከኋላም በመግፋት ብዛት ወገቡን የታመመው ተከራይ፣ እኔ ጸሐፊው።

መኪናይቱ እህህ አለች እንጂ አልተነሣችም። መብራቷ ቦግ ስላለ ባትሪው ከክስ ነጻ ወጣ፤ ቤንዚኑም መድረሱን በጠረኑ መሰከረ። ጌታችንም እሳት ጫሪውን ካንዴላ አንዱን ፈትተው ከሞተሩ ብረት አስጠግተው ቁልፉን አስዞሩ፤ እሳት አልታየም። ቀጥሎም እሳቱን ከሚያመነጨው ከቦቢናው የሚመጣውን ገመድ ነቅለው በእጃቸው እንደያዙ አማታቸው ሳይታዘዙ ቁልፉን አዞሩ፤ ጌታችንም ከምድር ከፍ ብለው «ወይኔ እጄን! እሳቱ እስከዚህ አለ!» ሲሉ አወጁ።

እንግዲህ ጥፋቱ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያድለው ክዳን መሆኑ ታወቀ፤ በከፈቱትም ጊዜ ውስጡ ውሃና የሳሙና አረፋ ተገኘ። እድፍ ያለበት ልብስ ለሰው እንዳይሰጥ የሙያቸው ሕግ ነውና፣ ለዕለተ እሑድ በክብር ትቅረብ ብለው ሞተሯን በዋዜማው በሳሙና አጥበዋት ኖሯል። መካኒኩም ሳቁን ለማፈን ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ እፍ እፍ አሉት፤ ውሃው ግን ከስርጉዱ አልወጣም። ያን ጊዜ ብረት ገዢው ጋሪውን እየገፋ ከበሩ ደረሰ። ጌታችንም ክዳኑን በደረታቸው ለጥፈው በመኪናይቱና በጋሪው መካከል ቆሙ።

ይህን ያዩት ባለቤታቸው ወደ ቤት ገብተው የፀጉር ማድረቂያቸውን ከነረጅም ገመዱ ይዘው ወጡ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «እንካ! እንዲህ ስትሆን ማየት አልችልም። ብታቃጥለው ግን ወዮልህ!»

ክዳኑ ደርቆ ተገጠመ፤ ቁልፉም ዞረ፤ መኪናይቱ አጓራች፤ ጭሷም ሠራዊቱን ሁሉ ሸፈነ። ብረት ገዢውም እያሳለ በባዶ ጋሪው ተመለሰ።

ጌታችንም ድምፅዋ ጥቂት ጎርበጥ ስላላቸው ኮፈኑን ዳግም ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ። ወዲያው ማድረቂያቸውን ታቅፈው የቆሙትን ባለቤታቸውን አዩ። እጃቸውን መለሱ፤ የፊተኛውን በር ከፈቱላቸው፤ እኛን ከጭሱ ውስጥ ትተው ሁለቱ ብቻ በመኪናይቱ ወጡ።

ቦቢና የነዘራቸው፣ ውሃን በተውሶ ነፋስ ድል የነሡ፣ የሱሪ ሁሉ አሳጣሪ ከፍ ከፍ ይበሉ! ከተማ የያዙ ነገሥታት ብዙ ናቸው፤ በዕለተ እሑድ ኮፈን ዳግም ሳይከፍት ያለፈ ግን ከእርሳቸው በፊት አልተሰማም።