የስብሰባ አንበሶች

ስብሰባ ላይ አንበሳ፣ ሰርግ ቤት ሲገባ ጠቦት የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወዳለው ትምህርት ቤታችን ብቅ በሉ። አንዱ ዳይሬክተራችን ነው። ሌሎቹ እኛ መምህራኑ ነን።

ደሴ ላይ በተሰበሰብን ቁጥር "ሴቶቹ ስምንተኛ ክፍል ሳይደርሱ የት እየቀሩ ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ እየደበደበ "ያለዕድሜ ጋብቻ! የወላጅ ግንዛቤ ማነስ!" ይላል። እኛ እናጨበጭባለን። የእኛማ ግንዛቤ ሞልቶ ይፈሳል!

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ የሰባተኛ ክፍሏ ዘሃራ ተዳረች። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ሰይድ መምህራኑን አንድ ሳያስቀሩ ጠሩን። የአገር ሰው ጠርቶን እንቅር እንዴ? ነውር አይደለም? ሱፋችንን ግጥም አድርገን ለብሰን ሄድን። ግቢው ስንደርስ ዘሃራ ከጓዳው በር ብቅ ብላ አየችንና ፊቷ በራ። የሙሽራ ደስታ ነው ብዬ አለፍኩ።

ጋሽ ሰይድ ዳይሬክተሩን "እርስዎ ያስተማሯት ልጅ ናት፤ ይመርቁልኝ" አሉት። አንበሳው ተነስቶ "ውለዱ፣ ክበዱ!" አለ። እኔም የጎረስኩትን ሥጋ ሳልውጥ "አሚን!" አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ እንደ ልማዱ አገሳ፦ "ልጆች፣ 'ልንድራችሁ ነው' ካሏችሁ ወደ እኛ ኑ! እናስቆመዋለን!"

የዘሃራ ጓደኛ እጇን አወጣች።

"ዘሃራ እኮ ቅዳሜ ስትመጡ አይታ፣ 'ቲቸሮቼ ሊያስቆሙት መጡ' ብላኝ ነበር።"