ቀይ ምላስ ይዞ ሽምግልና

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀኑን ሙሉ የሚደጋግማት ነገር ነበረችው፤ «አፍህን ዝጋ፣ ብርድ ይገባሃል!» ስሮጥ ይላታል፣ ስስቅ ይላታል፣ አንድ ጊዜማ ዳዊት ስደግም ብሎኛል። እናንተዬ፣ እኛ ሰዎች ከብርድ ጋር ምን ጠብ አለን? ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ነው የሚታየው። ይኸው ሕዝብ ግን በልጅነቱ በረዶ ሲልስ ነው ያደገው።

እኔ የቀበና ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሀብታም ላንጋኖ ይወርዳል፤ እኛ ወንዝ እንወርድ ነበር። ልብሳችንን ድንጋይ ሥር ሸሽገን እንዋኛለን። ውሃው እስከ ጉልበት ነው፤ ቢሆንም ዋና ነው። ከዚያ ጀላቲ! ውሃ፣ ስኳርና ቀለም እንጨት ላይ በረዶ ሆኖ። ከወንዙ ድልድይ ወዲህ፣ በእኛ በኩል ያለው ሱቅ ቀይ፣ ማዶ ያለው አረንጓዴ ይሠራ ነበር። ጣዕማቸው አንድ ነው ያለ ሰው እዚያው ወንዝ ውስጥ ይነከራል። የወዲህ ልጅ አረንጓዴ አይነካም፣ የማዶ ልጅ ቀይ አይነካም። ቀድሞ የደረሰ ወገን መዋኛውን ይይዝና መጪውን ሁሉ «ምላስህን አውጣ!» ይለዋል። ቀለምህ ሌላ ከሆነ ደረቅ እንደሆንክ ትመለሳለህ። መታወቂያችን ምላሳችን ነበር።

ባለፈው እሑድ ታዲያ የእህቴ ልጅ ብሩክ እኔንና የእድራችንን ዳኛ ታፈሰን ሽማግሌ አድርጎ ላከን። ልጅቷን ሦስት ዓመት ወዷታል። አባቷ ግን ፊታቸው የማይፈታ፣ ከዚህ በፊት የመጣ ሽማግሌ በቁሙ የሸኙ ሰው ናቸው ተብሏል። ብዙ አልተማርኩም፤ ዳዊት ስለምደግም ብቻ ቃል ያምርለታል ተብዬ ተናጋሪው እኔ ሆንኩ። ጠዋት እንጦጦ ራጉኤል አስቀድሼ «ጌታዬ፣ ዛሬ ምላሴን አደራ» አልኩ። ምን ዓይነት ምላስ እንደሆነ ግን ለይቼ አልነገርኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ወደ ቀበና ስንወርድ ድልድዩ አጠገብ አንዲት ሴት ሳጥን ይዛ ተቀምጣለች። ጀላቲ! ቀይና አረንጓዴው በአንድ ሳጥን! አያፍሩም? ታፈሰ «አንተ ሰው፣ ሽምግልና እየሄድን እኮ ነው፤ የልጅ ልጅ አለህ!» አለኝ። ሙቀቱ ነው አልኩት። ቀዩን ገዛሁ፤ በስተርጅና ሃይማኖት አይለወጥም። እሱ አልቀመሰም፣ ግን እስክጨርስ ዓይኑን ከእጄ አልነቀለም።

ድልድዩን ተሻግረን የልጅቷ ቤት በር ላይ ስንደርስ ታፈሰ ዞሮ አየኝና «ማርያም ድረሽ!» አለ። ከንፈሬ፣ ምላሴ፣ የጢሜ ጫፍ ሁሉ ቀልቷል፤ ወጥ ድስት ውስጥ አፏን የከተተች ድመት መስያለሁ። በነጠላዬ ብጠርግ ነጠላውም ቀላ። «በቃ አፍህን ዝጋ!» አለኝ ታፈሰ። አባቴ ከመቃብር የተነሣ መሰለኝ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ተናጋሪ አፉን ዘግቶ እንዴት ይናገራል?

ገባን። ከአባትየው ጋር ተያይተን አናውቅም። ተቀመጡ ቢሉን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፤ ማለቴ ታፈሰ አለ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስልኩን ታቅፎ የሚጠብቀው ብሩክ ፊቴ ድቅን አለ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ «ልጅዎን ለልጃችን…» ብል ድምፄ ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ሰውየው አልሰማሁም፣ ነጠላውን ያውርዱት አሉ።

አወረድኩት።

ተነሥተው ቀረቡና በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አፌን መረመሩ። ታፈሰ በሩን ማየት ጀመረ። ብሩክዬ፣ ሚስትህን በጀላቲ አሳጣሁህ አልኩ በልቤ። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ፊታቸው ቅንጣት ሳይፈታ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ምላስዎን ያውጡ። ይኸው፣ ለእኛ የማዶ ሰው ነዎት! እኛ ቤት ለቀይ ምላስ ልጅ ተሰጥቶ አያውቅም። ለሚመጣው እሑድ ተመለሱ፤ ስትመጡ ግን ሁለታችሁም አረንጓዴውን ልሳችሁ፣ ለእኔም ሳይቀልጥ አንድ ይዛችሁ ኑ።»