ጣሳ ያልበገረው ጎረቤቴ

ሱቅ ውስጥ አዲስ ጣሳ ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የጎንደር ቁስቋም ሰፈር ሰዎች አለን፤ ጎረቤቴ አያ ታከለ። ጣልያን ከወጣ ወዲህ እሱ ያልቀመሰው የታሸገ ምግብ ጎንደር አልገባም።

ባለፈው ዳግማይ ትንሣኤ የሚስቱ አባት ከእንፍራንዝ መጡ። እኔም ተጠርቼ ነበር። አያ ታከለ እንግዳውን ሊያከብር አዲስ የመጣ የቲማቲም ሳልሳ ጣሳ በቢላዋ ከፈተና ማንኪያ ሰክቶ አቀረበ። ወጥ ውስጥ የሚጨመር መሆኑን ማን ነግሮት?

ሽማግሌው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። "ምነው ታከለ? የሠራው ሰው ሳይቀምስ?"

እውነታቸውን ነው፤ ባገራችን ምግብ የሠራ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። የዚህ ሠሪ ግን ባሕር ማዶ ነው! እንግዳ ጾሙን ይደር? አያ ታከለ በፋብሪካው ፈንታ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረሰ። ኮምጣጣው ዓይኑን በእንባ ሞላው፤ ፊቱን ግን አላጨማደደም።

"ሸጋ ነው!" አለ።

ሽማግሌው ጎረሱ። ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ዋጡና እሳቸውም "ሸጋ ነው" አሉ።

ማንኪያው ወደ እኔ ዞረ። እንግዲህ ምን ልበላችሁ? እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ።

ጎረስኩና "ድገሙኝ" አልኩ።