ከሳህን ይውጡ የተባሉት የኢስሀቅ ዛፎች

ጋሽ ሙሉጌታ፣ እባክዎ አሁን እንኳ ይመኑኝ። ባለፈው ጅብ ግቢ ገባ ብዬ የጎረቤታችን የዓብዱራህማን ውሻ ሆኖ ተገኘ፣ እሺ፣ የአሁኑ ግን እውነት ነው፣ ቃለ ጉባኤውን ያንብቡት። ስልክዎ እምቢ አለኝ፣ ኔትወርክ የሌለበት ጣርማ በር ላይ ይሆናሉ ብዬ ሽንት ቤት ተደብቄ በቴሌግራም እየላክሁት ነው።

ቀን፦ እሁድ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደብረ ብርሃን፣ እርስዎ ግቢ፣ ውሃ ታንከሩ ሥር
የተገኙ፦ ባለቤትዎ እትዬ አሰለፈች (እርስዎን ተክተው ሰብሳቢ)፣ ተከራዮች ባለባጃጁ ኃይለኢየሱስና ባለሱቋ ሰሊሃ፣ ተከሳሹ ኢስሀቅ። ጸሐፊ እኔ ሔራን፣ ሌላው ሁሉ መነጽር ረሳሁ ስላለ።
ያልተገኙ፦ እርስዎ፣ ደብረ ሲና ሄደው
ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ የኢስሀቅ ዛፎች ለምን አያድጉም

እትዬ ይሄ ልጅ ዛፍ በሽቦ ጠምጥሞ፣ ሳህን ላይ አስቀምጦ፣ እያስራበ፣ ይባስ ብሎ በዩቲዩብ ለሰው ያስተምራል፣ ግፍ ነው አሉ። ኢስሀቅ ቦንሳይ ይባላል፣ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየከረከምኩ ነው ትንሽ ሆኖ እንዲኖር የማደርገው፣ ውሃም አፈርም ይሰጠዋል፣ ዋርካው አልዩ አምባ ከእናቴ ደጅ የመጣ ነው፣ ማንን ነካሁ ብሎ አስረዳ። ኃይለኢየሱስ ልጄን ቁመት እምቢ ያለው እዛ ዛፍ አጠገብ እየተጫወተ ነው አለ። ኃይለኢየሱስን ያውቁታል፣ ከባጃጁ መሪ በላይ አይታይም። ሰሊሃ አንተስ የትኛው ዛፍ አጠገብ ነው ያደግከው ብላ ጠየቀች። ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ።

አጀንዳ 2፦ የእትዬ ቀሚስ

ኢስሀቅ የሽቦ አጠማጠም በሚያሳይበት ቪዲዮ ከኋላው የተሰጣው የእትዬ የሌሊት ቀሚስ ይታያል። አንዱ ከሥሩ «ድንኳኑ ይከራያል ወይ» ብሎ ጽፏል። ሰሊሃ የዛሬው ስብሰባ የቀሚሱ ነው እንጂ የዛፉ አይደለም አለች፣ እትዬ እኔን ያሳዘነኝ ዛፉ ነው አሉ። ኢስሀቅ ቪዲዮውን አጠፋለሁ ቢል አገር ካየው በኋላ ተባለ።

ከብዙ ውይይት በኋላ ዛፎቹ በሙሉ ዛሬውኑ ከሳህን ወጥተው ከአጥር ውጪ እንዲተከሉና እንደ ልባቸው እንዲያድጉ ተወሰነ። ኢስሀቅ ዋርካው የቆላ ዛፍ ነው፣ ማታ ማታ ክፍሌ የማስገባው ለዚህ ነው፣ በዚህ ውርጭ አንድ ሌሊት አይተርፍም ብሎ ለመነ። እትዬ ብርድ ልብስ ፋብሪካ አይደል የምትሠራው፣ አልብሰው አሉ። ኢስሀቅ ዋርካውን አቀፈ። ጸሐፊዋ ልትናገር እጅ ብታወጣ አንቺ ጻፊ ተባለች።

ለእርስዎ ግን እናገራለሁ ጋሼ፣ እኔም ቪዲዮዎቹን አይቼ አንዲት ወይራ ሳህን ላይ ይዣለሁ፣ ስሳሳት ኢስሀቅ አልሳቀብኝም፣ ቀስ በይ እህቴ፣ ሥሯን አታናውጫት ነው ያለኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው ምኑ ይከሰሳል።

አጀንዳ 3፦ ማን ይቆፍር

እትዬ ኃይለኢየሱስ ይቆፍር አሉ። ኃይለኢየሱስ መሬቱን በዶማ ሞክሮ ወገቤን አለ። ቀጥሎም ሳስበው ኢስሀቅ ጥፋት የለበትም፣ ልጄም በእናቱ ወጥቶ ነው ያጠረው፣ ውሳኔው ይሻር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ተከሳሽና ጸሐፊ ድምፅ የላቸውም ተብሎ፣ በሁለት ድምፅ ለአንድ፣ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወስኖ ስብሰባው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ።

እትዬ ግን አልፈረሙም። ባሌ በገዛ አፉ ተሽሯል ካላለኝ ሲመሽ እኔው ነቅዬ አወጣቸዋለሁ ብለው ሳህኖቹን በሩ ላይ ደርድረዋል፣ የኔም ወይራ አለችበት፣ ኢስሀቅ አጠገባቸው ቆሟል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል ጋሼ፣ ዛሬ ውርጭ ነው። ኔትወርክ እንዳገኙ፣ ሳይመሽ፣ መልሰው ይደውሉልኝ፣ ስልኩን ሮጬ ለእትዬ እሰጣለሁ።