የኦቦ ጉሉማ ራስ

የተበላሸ ነገር ባየ ቁጥር «እኔ እያለሁ?» የሚል አንድ ሰው የሌለበት አገር የለም። ነቀምቴ ላይ ያ ሰው ኦቦ ጉሉማ ናቸው። ሰዓት ይፈታሉ፣ ሬዲዮ ይጎረጉራሉ። እሳቸው የፈቱት ሰዓት ከዚያ ወዲያ የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ነው። በባርኔጣ እድሳት ግን ያለ አዋጅ ደጃዝማች ሆነዋል።

ኢዶሳ የሟች አባቱን የሱፍ ባርኔጣ በነጠላ ጠቅልሎ በራቸው ቆመ። ነገ ወደ ጉቴ ከተማ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፤ ለታናሽ ወንድሙ ለታፋ፣ የኦቦ ቀነዓን ልጅ ድርቤን ሊለምን። አባት የለምና ቃሉን የሚናገረው እሱ ነው። ሰው ፊት ሲቆም ደግሞ ምላሱ ይታሰራል። ባርኔጣው እንኳ ቢያግዘኝ ብሎ ነበር፤ እሱም ተጨፈለቀ።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ... ይቅርታ፣ እንዲያው...»

«አምጣው! እኔ እያለሁ?» እንደ ታማሚ ሕፃን ተቀበሉት። «ማነው የገደለው?»

«ከአኖ ስመጣ፣ መኪና ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀመጠችበት።»

«ምን የምታህል?»

ኢዶሳ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ያ ዋቅ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩ።

ሚስታቸው አዴ በዛብሽ የፈላ ማንቆርቆሪያ አመጡ።

«ሱፍ እንደ አማት ነው» አሉ ኦቦ ጉሉማ። «እሳት አታስጠጋውም፤ ከራቅ ብለህ በእንፋሎት ታባብለዋለህ። ጫፉን አትጎትትም፤ ከውስጥ በጡጫህ ቀስ እያልክ ትገፋዋለህ። ፀሐይ ላይም አይሰጣም፣ ይኮማተራል።»

«ቤት ካውያ ነበረኝ...» አለ ኢዶሳ በፍርሃት።

«ካውያ! ሱሪ ነው እንዴ?»

እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ሱፉ ሲለሰልስ የድሮ ዝናብ ሽታ ወጣ። ኢዶሳ፣ አባቱ ከገበያ ገብተው ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ ሲያራግፉ ያየ መሰለው።

ሌላ ሰው ቢሆን በቅል ላይ ያደርቀው ነበር። ኦቦ ጉሉማ ግን «ለባርኔጣ ከራስ የተሻለ ቅርጽ የለም» ብለው እርጥቡን በራሳቸው ላይ ደፉት። እስኪደርቅም በግቢያቸው ሙዝ ሥር ወዲያ ወዲህ፣ በማለዳው ጭጋግ ውስጥ እንደ ሕልም ሰው ተንጎራደዱ።

«ያንተ ራስ እኮ እንስራ ያህላል!» አሉ አዴ በዛብሽ። «ሰውየው ይሰምጣል!»

«ራስ ራስ ነው። ዝም በይ።»

ኢዶሳም የራሱን እንዲለኩት ሊጠይቅ ፈልጎ፣ አፈረ።

በነጋታው ኢዶሳና ሽማግሌዎቹ ጉቴ፣ በኦቦ ቀነዓ ደጅ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ኢዶሳ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ፤ መልሶ ሲደፋው እስከ አፍንጫው ወረደ። አብረውት የመጡት በክርናቸው ጎሸሙት። ቃሉ ሁሉ ጠፋው።

«ቆይ» አሉ ኦቦ ቀነዓ። «ይሄን ራስ አውቀዋለሁ። ነቀምቴ ነው የታደሰው?»

«አዎ፣ ኦቦ ጉሉማ ናቸው...»

ኦቦ ቀነዓ የራሳቸውን ባርኔጣ አወለቁ። ከውስጡ የታጠፈ ጋዜጣ መዘዙና መልሰው ደፉት። እሳቸውም እስከ አፍንጫቸው ሰመጡ። ሁለቱ ሳይተያዩ ይስቁ ጀመር።

በባርኔጣው ውስጥ ጨለማ ነው፤ ይሞቃል፤ የሚያፈጥ ዓይን የለም። ኢዶሳ በሕይወቱ እንደዚያ ሰው መሀል ቆሞ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ምላሱ ተፈታ።

«ድርቤን ለወንድሜ ለታፋ ልንለምን መጥተናል» አለ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጮክ ብሎ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ቀነዓ፣ በሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ እየፈለጉ።